አጥር ያለው ጥላ

አየሩ ንጹሕ ነው፤ ዛፉ ብዙ ነው፤ ከተማውም ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት የሚሸጥ ሰው ንግግሩን የሚጀምረው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው። ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታ ብትሄዱ ዜማው አይለወጥም። ገዢውም ይረካል፤ ከፎቁ ሰገነት ላይ ቆሞ «ገጠር የገባሁ ያህል ነው» ይላል። እኔ የኖፓ ልጅ ነኝ። ኢሉባቦር ተወልዶ ያደገ ሰው ዛፍ ሊጠላ አይችልምና ጠቤ ከዛፉ ጋር አይደለም። ጠቤ ጥላን ከባለቤቱ ወስዶ፣ በግንብ ከልሎ፣ በካሬ ሜትር ተምኖ ከሸጠ በኋላ ይህንኑ «ተፈጥሮ» ብሎ ከሚጠራው ልማድ ጋር ነው።

እነሆ ከቃሉ ልነሣ። «አረንጓዴ» ትናንት የቅጠል ቀለም ነበር። ዛሬ ግን ሹመት አግኝቷል፤ አረንጓዴ መንደር፣ አረንጓዴ ሥፍራ፣ አረንጓዴ ኑሮ ይባላል። በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም.፣ ያኔ ራሱን የቻለ ከተማ በነበረው በለገጣፎ ለገዳዲ (ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃሏል) ብዙ ቤቶች በሕገ ወጥ ግንባታ ስም ሲፈርሱ፣ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ቦታው በፕላን ለአረንጓዴ ሥፍራ የተያዘ ነው የሚል ነበር። የቤቶቹን ሕጋዊነት ለሕግ ሰዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚያስደንቀኝ ቃሉ ነው። በዚያው ከተማ በአንዱ በኩል «አረንጓዴ» ተብሎ ሰው ይጋበዛል፤ በሌላው በኩል «አረንጓዴ» ተብሎ ሰው ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ይወጣል። ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው፤ የተለያየው ኪሱ ነው።

«ገበሬው ካሳውን ተቀብሎ ለቀቀ፤ ታዲያ ምን ተበደለ?» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ ሕጉን እናንብበው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬው የሚካሰው ለመሬቱ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለሚያጣው ገቢ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ። የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ማባዣውን 15 አደረሰው፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ ጨመረበት። መሻሻል ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ስሌቱን አስተውሉት። ጤፉ ተቆጥሯል፤ ባሕር ዛፉ ተቆጥሯል፤ ጎጆው ተቆጥሯል። ነፋሱ ግን አልተቆጠረም። ጥላውም፣ ጸጥታውም፣ ማለዳ ከኮረብታው ላይ የሚታየው ሜዳም አልተቆጠሩም። ከዚያስ ሻጩ ምን ይሸጣል? ነፋሱን፣ ጥላውን፣ ጸጥታውንና ሜዳውን! ከገበሬው እጅ ሲወጣ አንዲት ሳንቲም ያላወጣ ነገር፣ ገዢው ዘንድ ሲደርስ የዋጋው ዋና ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ይህን ንግድ በስሙ የሚጠራ ቃል አማርኛ አያጣም፤ «ተፈጥሮ» ግን አይደለም።

የዚህ ዓይነቱ ሰፈር የሥልጣኔ ምልክት ነው፣ ከሠለጠነው ዓለም የተወሰደ ነው ይባላል። መልካም፤ ወደ ምንጩ እንሂድ። እንግሊዛዊው ኤበኔዘር ሃዋርድ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአትክልት ከተማን ሐሳብ አቀረበ፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ከለንደን በስተ ሰሜን ሌችወርዝ በዚሁ ሐሳብ ተቆረቆረች። ሃዋርድ ያሰበው ግን ዛፍ ብቻ አልነበረም። መሬቱ የጋራ ይሁን፤ ዋጋው ሲያድግ ጥቅሙ ለነዋሪው ማኅበረሰብ ይዋል፤ በከተማይቱ ዙሪያም እርሻው ይቀጥል ነበር ያለው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ዛፉን ቀድተው የጋራ መሬቱን ተዉት። እኛ እጅ የገባው ያ ግማሽ ቅጂ ነው።

ዛፍና ሰው አብረው ሲኖሩ ለማየት ደግሞ እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያሻም፤ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዞ መቱ መግባት ይበቃል። በእኛ አገር ቡና የሚያድገው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሳሳው ለጌጥ አልቆሙም። ቡናውን ከፀሐይ ይጋርዳሉ፤ ቅጠላቸው ረግፎ አፈሩን ያለማል፤ ቅርንጫፋቸው የንብ ቀፎ ይሸከማል። የቱ ቅርንጫፍ ተቆርጦ የቱ እንደሚቀር የሚያውቀው ገበሬው ነው። ዩኔስኮ የያዩን የዱር ቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግበው፣ እምብርቱ እንዳይነካ፣ በዙሪያው ገበሬው ቡናውን እንዲሠራ፣ ከዚያ ወዲያ እርሻውና መንደሩ እንዲቀጥሉ ነው የተከፈለው። ሰውን አስወጥቶ በር አልዘጋም። ሽማግሌዎች ለእርቅ የሚቀመጡትም ከዛፍ ሥር ነው፤ ኦዳ ሥር የተቀመጠ ሰው «ተነሥ» አይባልም።

አገሬ ገነት ናት ብዬ አላሞኛችሁም። ዝናቡ ወር አይመርጥም፤ ጭቃው ጉልበት ይውጣል፤ ዝንጀሮ በቆሎውን እንዳይጨርሰው ልጆች ማማ ላይ ሲጮኹ ይውላሉ፤ እኔም ውያለሁ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ ሰፋሪዎች ሲመጡ ብዙ ጫካ ተመንጥሯል፤ ከመጡትም ብዙዎቹ ወደው አልመጡም። የኖፓ ጥላም በነጻ አይገኝም ማለቴ ነው። የሚከፈለው ግን በሥራ ነው።

ይህን ከእኔ ይልቅ አጎቴ አሳምረው ተናግረውታል። ለሕክምና ከኖፓ መጥተው ሳለ፣ ተከራይቼ ከምኖርበት ቤት አጠገብ ባለ አንድ ባለ ግንብ መንደር በኩል ስናልፍ ደከማቸውና ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር፣ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጥበቃው መጣ።

«አባቴ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ይነሡልኝ» አለ እያፈረ።

አጎቴ አልተቆጡም። ቀና ብለው ዛፉን አዩትና «ምን ያፈራል?» አሉት።

«ምንም። ለውበት ነው።»

«ከብት ያስጠልላል?»

«ኧረ ከብት እዚህ አይደርስም።»

«ሰውስ?»

ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአባቱ ማሳ ከግንቡ ወዲያ፣ አሁን የመዋኛ ገንዳው ባለበት በኩል እንደነበረ ነገረን። ጤፍና ምስር ይዘሩበት ነበር። ዛሬ በዚያው መሬት ላይ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰውን ከጥላ ሥር ለማስነሣት ነው።

ከጭስና ከጫጫታ ሸሽቶ ቅጠል መፈለግ ነውር አይደለም። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ምኞት አይነቅፍም። ነገር ግን ጥላ የሚሸጥ ከሆነ በካሳው ስሌት ውስጥም ይግባ፤ ወይም ገበሬው ከመጨረሻው ዋጋ ላይ ድርሻ ይኑረው። ዛፉ ከግንቡ ውጭ፣ መንገደኛ በሚያልፍበት ይተከል። ወደ ወንዙና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወስድ የነበረው የእግር መንገድ በግንብ ከተዘጋ ይከፈት። ይህ ሁሉ መንግሥተ ሰማያትን መጠየቅ አይደለም፤ የአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው።

የምቸኩለው ልማዱ ወደ እኛም እየወረደ ስለሆነ ነው። ባለፈው ዓመት ወደ አገሬ ስገባ፣ በመቱ መዳረሻ አንድ የቡና ማሳ ተመንጥሮ በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘሁት። ሰውየውን ምን ሊሠራበት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ቪላ ነው» አለኝ፤ «ሲያልቅ ዙሪያውን ዛፍ በዛፍ ነው የማደርገው።» ዋንዛው ከሥሩ ተቆርጦ ተጋድሟል። ከግንዱ አጠገብ ከአዲስ አበባ ተጭነው የመጡ የጌጥ ዛፍ ችግኞች ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፤ ፀሐይ እንዳይመታቸውም ከላይ ጆንያ ተወጥሮላቸዋል።