ምጣዱ ሲያርፍ ሞተሩ ይሥራ

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከትምህርቱና ከቢሮው በሚተርፈው ሰዓት ጠረጴዛና የመጻሕፍት መደርደሪያ እየሠራ ኪሱን ሊደግፍ ያስባል እንበል። ጣውላውን ከገበያ ያገኘዋል፤ ሙያውንም ቀስ እያለ ይለምደዋል። የሚያስጨንቀው፣ «ማሽኑን በምን ኃይል አንቀሳቅሰዋለሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንዱ መካሪ «ጄኔሬተር ግዛ» ይለዋል፤ ሌላው «ስሪ ፌዝ ካላስገባህ አይሆንም» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች የብዙ ወር ደመወዝ ያስወጣሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን፣ አስቀድሞ በቤት ያለውን ኃይል መመርመር ይበጃል።

አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ሞተር ከሚስበው ኃይል ጥቂቱ በሙቀት ስለሚባክን፣ ባለ አንድ ተኩል ፈረስ ጉልበት ሞተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ 1,500 ዋት ያህል ይወስዳል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ ለምጣድ ተብሎ በወፍራም ሽቦ በደንብ የተዘረጋ መስመር ያለው ቤት፣ ለአንድ መጋዝ ወይም ለአንድ መላጊያ ማሽን የሚበቃ ኃይል አለው ማለት ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ምጣዱ ሲሠራ ሞተሩ ይረፍ፤ ሞተሩ ሲሠራ ምጣዱ ይረፍ።

ይህን ሁሉ ከማድረግ በፊት ከቤቱ ባለቤት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ ጠብ ያመጣልና። ሞተሩ በቀን ሁለት ሰዓት በሙሉ ጭነት ቢሠራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በወር ሃያ ቀን ቢሠራ 60 ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው ከፍ ባለ መጠን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ የሚልበት ነው፤ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮም ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ ለሞተሩ ብቻ የምትቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ጎረቤትን ከጎረቤት ታስማማለች።

ሁለተኛው የቁጠባ መንገድ፣ ለያንዳንዱ መሣሪያ ሞተር ከመግዛት ይልቅ አንዱን ሞተር ለብዙ ሥራ ማዋል ነው። ሞተሩን በጠንካራ የእንጨት ወይም የብረት መቀመጫ ላይ አስሮ፣ በፑሌጃና በቺንጋ ዛሬ መጋዙን፣ ነገ ማለስለሻውን ማዞር ይቻላል። ፍጥነቱን የሚወስነው የፑሌጃው ስፋት ነው። በደቂቃ 1,450 ጊዜ የሚዞር ሞተር 10 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ ተገጥሞለት፣ በመጋዙ ዘንግ ላይ ያለው 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ መጋዙ በደቂቃ 2,900 ጊዜ ይዞራል። መጋዙ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ማለፍ ግን ክልክል ነው። ቺንጋውም በሣንቃ ወይም በቆርቆሮ ይሸፈን፤ የእጅጌ ጫፍ የያዘ ቺንጋ እጅን አይለቅም።

ሦስተኛው ነገር ሽቦ ነው። ሞተር ሲነሣ ለአፍታ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። በቀጭን ባለ 1 ሽቦ 20 ሜትር ርቆ የተሳበ ሞተር፣ በዚያች አፍታ ከ220ው ቮልት ከ35 በላይ በመንገድ ላይ ያጣል፤ ያጉረመርማል እንጂ አይነሣም፤ ቆይቶም ይቃጠላል። በባለ 4 ሽቦ ቢሆን የሚባክነው ከ10 ቮልት አይበልጥም። ለሽቦ የተከፈለ ገንዘብ ሞተር ያድናል። መሬት መስመርና ተስማሚ ብሬከር የሌለው ግን ከቶ አይሞከር፤ ገጠማውንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። የእንጨት ብናኝ ባለበት ቤት አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብዙ ታጠፋለች።

ርካሽ የስሪ ፌዝ ሞተር ያጋጠመው ሰው ደግሞ ታርጋውን ያንብብ። 220/380 ቮልት የሚል ከሆነ፣ ከነጠላ መስመር ሦስቱን ፌዝ በሚያወጣ መሣሪያ አማካይነት በቤት ኤሌክትሪክ ሊሠራ ይችላል። የመሣሪያው ዋጋ ከሞተሩ ርካሽነት የሚበልጥ ከሆነ ግን ይተወው።

አሁን ወደ ጄኔሬተሩ እንምጣ። ሞተሩ ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። ስለዚህ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ ሐረጎን ወጥተን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሻጩ «3,000 ዋት» ብሎ የሸጠው ጄኔሬተር ደሴ ላይ 2,250 ያህል ብቻ ይሰጣል ማለት ነው፤ ሞተር ለማስነሣት ሲሞከርም ይታፈናል። ጭሱም የሰውን ነፍስ የሚያጠፋ በመሆኑ በቤት ውስጥ ፈጽሞ መነሣት የለበትም።

መብራት በሚጠፋበት ቀን ታዲያ ምን ይደረግ? በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በደረሰ ጊዜ የሆነውን ነዋሪው አይረሳውም። ከሁሉ ርካሹና የማይጠፋው ኃይል የክንድ ኃይል ነው። የተሳለ መላጊያ፣ የተሳለ መሮና ጥርሱ የተስተካከለ የእጅ መጋዝ ያለው ሰው፣ ማሽኑ ረጅሙን ጣውላ ከሰነጠቀለት በኋላ መገጣጠሚያውን ሁሉ በእጁ ይጨርሳል። ባትሪ የሚሠራ መብሻ ካለውም መብራት ባለበት ሰዓት ይሙላ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የእጅ መሣሪያና መሳያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ በምጣዱ መስመር የሚሠራ አንድ ሞተር፣ ከዚያም ጥሩ ሽቦ። ሥራው አድጎ ደንበኛ ሲበዛ፣ የንግድ ፈቃድና የስሪ ፌዝ ቆጣሪ የሚጠየቅበት ቀን ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወጪውን የሚከፍለው ደመወዙ ሳይሆን የተሸጠው ጠረጴዛ ይሆናል።