ጥምቀት አትደገምም፤ ትምህርቷ ግን ይደገማል

ሰው ከእናቱ ማኅፀን አንድ ጊዜ ይወለዳል እንጂ ሁለት ጊዜ አይወለድም፤ ነገር ግን ከተወለደ በኋላ ጡት የሚያጠባው፥ እህል የሚያጐርሰው፥ ቃል የሚያስተምረው ካላገኘ መወለዱ ብቻውን አያኖረውም። ከውኃና ከመንፈስ ቅዱስ መወለድም እንደዚሁ ነው። ጥምቀት አንዲት ናት፤ የተጠመቀውን ማሳደግ ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ካለማወቅ የተነሣ ከውስጥም ከውጭም ስሕተት ገብቷል።

ደነባ በሰሜን ሸዋ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእርሷም እንደ ሌላው የሸዋ አገር ሁሉ ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታት ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳሉ፤ ካህናቱ በማሕሌትና በቅዳሴ ያድራሉ፤ ጥር 11 ቀን ሲነጋ ውኃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ይረጫል። በዓሉ ዓለም ያወቀው ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የጥምቀት በዓል በማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ጽፎታል። ነገር ግን በዓሉ የከበረውን ያህል ትርጓሜው አልታወቀም። ከሕዝቡ መካከል የዓመቱ ኀጢአት በዚያ ጧት ውኃ ታጥቦ የሚሄድ የሚመስለው ሰው አይታጣም። ዓመቱን ሙሉ ባልንጀራውን ሲበድል ከርሞ፥ የነፍስ አባቱን ሳያይ፥ ንስሐ ሳይገባ፥ ያችን ጠብታ ስላገኘ ብቻ ነጻ የወጣ ይመስለዋል። ይህ ሰው በአፉ አንዲት ጥምቀት ብሎ ያምናል፤ በሥራው ግን በየዓመቱ ጥር ሲመጣ አዲስ ጥምቀት ይጠብቃል።

ይኸው አሳብ ከጥንት ጀምሮ ለባዕዳን ነቀፋ በር ሲከፍት ኖሯል። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1513 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሕዝቡ ለጥምቀት በተቈፈረ ገንዳ ውስጥ ሲጠልቅ አይቶ፥ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ እንደገና ይጠመቃሉ ብሎ ጻፈ። መልሱን ግን የሰጠው ያው ንጉሥ ወደ ፖርቱጋል የላከው ጸጋ ዘአብ ነበረ። እርሱ የጻፈው የእምነት ቃል ዳሚያኦ ዴ ጎይስ በሚባል ሊቅ እጅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1540 ዓመት በላቲን ቋንቋ ታተመ፤ በዚያም የጥር ውኃ መዳንን ለማግኘት ሳይሆን የመድኃኒታችንን ጥምቀት ለማሰብና ለማመስገን የሚደረግ መሆኑን አስረዳ። ይህም ታላቅ መልስ ነበረ፤ ዳሩ ግን ሰሚ አላገኘም።

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1617 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በዐፄ ሱስንዮስም ሥልጣን ተደግፎ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ አዘዘ። ይህ ትእዛዝ አባቶቻቸውንና አያቶቻቸውን ሁሉ አረማውያን ብሎ እንደ መስደብ ስለ ሆነባቸው ሰዎቹ መሬታቸው ከተነካባቸው የበለጠ ተቈጡ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ንጉሡም በ1624 ዓ.ም. የቀደመችውን ሃይማኖት ለሕዝቡ መለሰ። ዛሬ ግን የሮም ቤተ ክርስቲያን ራሷ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት ጥምቀት ነው ብላ ትቀበላለች። እንግዲህ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው ዛሬ ከሳሹም ራሱ በተወው ነገር ነው።

ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትን እንደማትደግም ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው መጽሐፈ ቄደር ነው። ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው በዚህ መጽሐፍ ጸሎት ተደርጎለት በውኃ ይነጻል። ሕዝቡ የቄደር ጥምቀት ብሎ ቢጠራውም ይህ የንስሐ ውኃ ነው እንጂ እንደ አዲስ ልጅነትን የሚሰጥ ጥምቀት አይደለም። የካደው ሰው እንኳ ሁለተኛ ካልተጠመቀ፥ ያልካደው በየዓመቱ እንደምን ይጠመቃል?

በዚህ ዘመን ደግሞ ክርክሩ በሌላ መንገድ ተመልሶ መጥቷል። የሙሉ ወንጌል፥ የመሠረተ ክርስቶስ፥ የቃለ ሕይወት አብያተ ክርስቲያናት በገዛ አፉ ያመነውን እንጂ ሕፃንን አያጠምቁም፤ በሕፃንነቱ የተጠመቀውንም እንደ አልተጠመቀ ይቈጥሩታል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ግን ሕፃናትን ታጠምቃለች። ስለዚህ ፕሮቴስታንት የተባለውን ሁሉ በአንድ ጅራፍ መግረፍ አላዋቂነት ነው። ሕፃን አይጠመቅም የሚሉት የሚያመጡት ምስክር የሕንደኬን ጃንደረባ ነው፤ ፊልጶስ አስቀድሞ መጽሐፉን ተረጐመለት፥ ከዚያ በኋላ ወደ ውኃው ወረዱ ይላሉ። ዳግመኛም ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን ያገኛቸውን ደቀ መዛሙርት እንደገና አጥምቋል ይላሉ።

ለዚህ መልስ አይታጣም። የኤፌሶን ሰዎች ተጠምቀው የነበሩት በዮሐንስ ጥምቀት ነው እንጂ በክርስቶስ ስም አልነበረም፤ ስለዚህ ተጠመቁ እንጂ አልተደገመላቸውም። ጃንደረባውም ከሌላ እምነት የመጣ ጐልማሳ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እንዲህ ያለው ሰው ንኡሰ ክርስቲያን ሆኖ ሳይማር አይጠመቅም። የአማኞች ቤት ነገር ግን ሌላ ነው። በፊልጵስዩስ የወኅኒ ጠባቂው በዚያችው ሌሊት ከቤተ ሰቡ ሁሉ ጋር ተጠምቋል። በብሉይ ኪዳንም ሕፃን በ8 ቀኑ የሚገረዘው ኪዳኑን ዐውቆ አልነበረም፤ ኪዳኑ አስቀድሞ ተቀበለው እንጂ።

ይህ መልስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተከራካሪዎቹን ዝም ለማሰኘት አይበቃም፤ ሕፃንን ማጥመቅ አንድ ብርቱ ዕዳ ያለበት ነገር ነውና። ወንድ በ40 ቀን፥ ሴት በ80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ሕፃኑ ራሱ አይናገርም። ስለ እርሱ ሆኖ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክድ፥ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ የሚያምን ሌላ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ካህኑ ሕፃኑን ሦስት ጊዜ በውኃ ያጠልቀዋል፥ ሜሮን ይቀባዋል፥ ማዕተብ ያስርለታል፥ ሥጋውንና ደሙን ያቀብለዋል። ያ ስለ ሕፃኑ የተናገረው ሰው ዋስ ነው። ዋስ ምን እንደ ሆነ ደግሞ ለሸዋ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በዳኛ ፊት ለባለዕዳ ዋስ የሆነ፥ ባለዕዳው ሲጠፋ ተይዞ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ለብር ዋስ የሆነ እንዲህ ከተጠየቀ፥ ለነፍስ ዋስ የሆነ እንዴት ሳይጠየቅ ይቀራል?

ዛሬ ክርስትና አባትና ክርስትና እናት የሚመረጡት እንዴት ነው? ለሕፃኑ ልብስ የሚገዛ፥ በችግር ቀን ለአበልጁ የሚደርስ፥ በከተማው ስሙ የተጠራ ሰው ይፈለጋል። ሃይማኖቱን ያውቃልን? ያስተምራልን? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጸሎቱ በግዕዝ ስለሚደርስ፥ ዋሱ ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ ዞረ እንጂ ምን እንደ ካደና ምን እንዳመነ አያውቅም። ከዚያ ጠላው ይጠጣል፥ ወጡ ይበላል፤ አበልጅነቱ በአባትና በዋሱ መካከል ይጸናል፥ ሕፃኑ ግን ይረሳል። ይባስ ብሎ ለድግሱ የሚሆን ያጣ ድኻ እስኪያገኝ ድረስ ቀኑን የሚያሳልፍበት ጊዜ አለ። በዚህ መካከል ሕፃኑ ሳይጠመቅ ቢሞትና ፍትሐት ቢቀርበት፥ ድግስ ካላየ አበልጅ የማይሆን ሰውና ይህን አይቶ ዝም ያለ ካህን ምን ይመልሳሉ?

ሕፃኑም በአድጎ ጊዜ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በዚያ የክርስትና ስምህ ማን ነው? ያሉት እንደ ሆነ ይመልሳል፤ በክርስትናህ ቀን ስለ አንተ የተገባው ቃል ምንድር ነው? ያሉት እንደ ሆነ ግን የሚመልሰው የለውም። ያን ጊዜ መጽሐፍ ገልጦ የሚያስረዳው ሌላ ሰው ቢያገኝና በሌላ ውኃ ቢጠመቅ፥ ነቀፋው በእርሱ ላይ ብቻ ነውን? በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ኦርቶዶክሳውያን ከመቶ 50 ተኩል ያህል ነበሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ግን 43 ተኩል ያህል ሆኑ። በዚያው ጊዜ ፕሮቴስታንቶች ከመቶ 10 ያህል ወደ 18 ተኩል ያህል ከፍ አሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ምክንያት ብቻ አልመጣም፤ ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ የዋሶች መጥፋት አይደለም ብሎ የሚምል ካህን ማን ነው?

ከደነባ ብዙ ሩቅ ባልሆነችው በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥቱን የተከለው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሠበት ዘመን ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን በክንዱ ጽፎ እንዲይዝ አዝዞ ነበር። ደግሞም ካህናት በሰንበትና በበዓል ሕዝቡን ሃይማኖት እንዲያስተምሩ አዘዘ። በቆዳ ላይ የተጻፈው ከዘመኑ ጋር አለፈ፤ ማስተማሩ ግን በማንኛውም ዘመን የሚፈለግ ነው። ማዕተብ በአንገት ማሰር ጥሩ ነው፤ የታሰረበትን ምክንያት የማያውቅ አንገት ግን ክሩን ለመበጠስ ቅርብ ነው።

ስለዚህ የሚገባው ሥራ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ካህኑ ከክርስትናው ቀን አስቀድሞ ወላጆችንና ዋሱን ጠርቶ የሚክዱትንና የሚያምኑትን በሚሰሙት ቋንቋ ይግለጥላቸው፤ ሊያስተምር የማይችለውን ወይም የማይፈቅደውን ሰው፥ ባለጸጋም ቢሆን፥ ዋስ አድርጎ አይቀበል። ሁለተኛ፥ የነፍስ አባት የተጠመቀውን ሕፃንና የዋሱን ስም በመዝገብ ይጻፍ፤ ልጁም 7 ዓመት በሞላው ጊዜ ዋሱን ጠርቶ ምን እንዳስተማረው ይጠይቀው። ሦስተኛ፥ ጥር 11 ቀን ውኃው ከመረጨቱ አስቀድሞ አንድ ካህን ቆሞ ይህ ውኃ መታሰቢያና በረከት እንጂ ሁለተኛ ጥምቀት አለመሆኑን፥ ኀጢአትም በንስሐ እንጂ በዓል በማክበር አለመሰረዙን በግልጥ ይናገር፤ የክርስትና ልጆችም ከዋሶቻቸው አጠገብ ቆመው ያን የካዱበትንና ያመኑበትን ቃል በአማርኛ አብረው ይድገሙ።

ካህናቱ በእርሻና በኑሮ ድካም የተጨነቁ ናቸው፥ ይህን ሁሉ መቼ ያደርሱታል? የሚል ይኖር ይሆናል። ድካማቸው እውነት ነው። ነገር ግን የከተራ ሌሊት ረጅም ነው፤ ሕዝቡም በታቦቱ ዙሪያ ተሰብስቦ ያድራል። ከዚያ ሌሊት አንዲቱን ሰዓት ለትምህርት መስጠት ማሕሌቱን አያጐድለውም። ይህም አዲስ ሥርዓት ማምጣት አይደለም፤ መጽሐፈ ክርስትና ያዘዘውን ቃል ሕዝቡ እንዲያስተውለው ማድረግ ብቻ ነው።

እንደገና የሚያጠምቁትን በስድብ መመለስ ቀላል ነው፤ ስድብ ግን ማንንም አላስተማረም፥ የሄደውንም አልመለሰም። ትክክለኛው መልስ አንዲቱን ጥምቀት ዐውቆ የሚኖር ልጅ ነው። ስለዚህ ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት የሆነ ሁሉ የሚመጣውን ጥር ሳይጠብቅ፥ የዋሰው ልጅ ወዴት እንዳለና የተዋሰለትን ቃል ያውቅ እንደ ሆነ ዛሬውኑ ሄዶ ይጠይቅ።