ለማሽን የሚጻፍ መመሪያ ከሰው ዓይን አይሰወር

የዲዛይን ሶፍትዌሮች አዲስ ዓይነት ተጠቃሚ አግኝተዋል። ማውዝ አይዝም፣ ዩቲዩብ ላይ ትምህርት አይከታተልም፣ ጓደኛውን «ይቺ እንዴት ነው የምትሠራው?» ብሎ አይጠይቅም። ኤአይ ኤጀንት ነው። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ኤምሲፒ የተባለውን የማገናኛ ደንብ ይፋ አደረገ፤ ፊግማ በ2025 የራሱን የኤምሲፒ ሰርቨር አቀረበ፤ ለብሌንደርም ተመሳሳይ ማገናኛዎች ተሠሩ። ሰው በጽሑፍ ያዝዛል፣ ኤጀንቱ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብቶ ይሠራል።

ይህ ኤጀንት ሥራውን ከየት ተማረ? በአብዛኛው ከተጻፈ መመሪያ። ስለዚህ መመሪያውን የሚጽፈው አካል ገና ያልተሠሩ ብዙ ሺህ ዲዛይኖችን ከወዲሁ እየወሰነ ነው። ይህን የሚያህል ሥልጣን ግን እንደ ትርፍ ሥራ ይታያል።

«የትእዛዞቹን ዝርዝር ስጡት፣ ቀሪውን ራሱ ይደርስበታል» የሚሉ አሉ። አይደርስበትም። ብሌንደርን ውሰዱ። ተጠቃሚው አንድን ዕቃ ሲያዞር ስክሪኑ ላይ የሚያየው ቁጥር በተለምዶ ዲግሪ ነው። በፓይተን ኮድ ሲዞር ግን ልኬቱ ራዲያን ነው። 90 ዲግሪ ማለት በራዲያን 1.57 ገደማ ነው። ይህ በግልጽ ያልተነገረው ኤጀንት 90 ብሎ ሊያስገባ ይችላል። ሶፍትዌሩ «ተሳስተሃል» አይለውም፤ ዕቃው ተጣሞ ይቀመጣል፣ ሥራውም «ተጠናቋል» ይባላል። ዝርዝር ምን ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል። መመሪያ ግን ልኬቱን፣ ቅደም ተከተሉንና መደረግ የሌለበትን ጭምር መናገር አለበት።

ወደ ራሳችን ፊደል ስንመጣ ጉዳዩ ይብሳል። በፊግማ የፕለጊን መመሪያ መሠረት ጽሑፍ ከመቀየሩ በፊት ፎንቱ መጫን አለበት፤ በምሳሌዎቹ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ፎንት ደግሞ ኢንተር ነው። ኢንተር የግዕዝ ፊደል የለውም። ምሳሌውን የሚከተል ኤጀንት ለአማርኛ ብሮሸርም ያንኑ ይመርጣል። ርእስ በካፒታል ይጻፍ የሚል ደንብ ቢሰጠው ለእኛ ትርጉም የለውም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ማጉላት ሲፈልግ ጽሑፉን ያዘም ይሆናል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከቀጭን እስከ ወፍራም ደረጃዎች እንጂ ኢታሊክ የለውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ «አላወቅንም» ማለት ሰበብ ሊሆን አይችልም።

ሌላው አደጋ መመሪያው ለሁለት መከፈሉ ነው። ጄረሚ ሃዋርድ በ2024 ድረ ገጾች ለቋንቋ ሞዴሎች የሚሆን ቀለል ያለ የጽሑፍ ፋይል እንዲያስቀምጡ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ መልካም ነው። ኩባንያዎች ግን ለማሽኑ ጥርት ያለውንና የታረመውን፣ ለሰው ደግሞ የተዝረከረከውንና ያረጀውን የሚሰጡ ከሆነ የመሣሪያው ባለቤትነት ከሰው እጅ እየወጣ ነው። ዲዛይነሩ ኤጀንቱ ምን እንደተባለ ካላወቀ ስህተቱን ከየት ጀምሮ ያርማል?

ከዚህም የከፋ አለ። ኤጀንት ያነበበውን ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ሊቆጥረው ይችላል። ሰው በማያየው ፋይል ውስጥ የተሸጎጠች አንዲት ዓረፍተ ነገር የደንበኛን ፋይል እንዲሰርዝ ወይም ለሌላ እንዲልክ ልታደርገው ትችላለች። ሰው የማያነበውን መመሪያ ማን ይቆጣጠረዋል?

ባነሩ ተበላሽቶ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ደንበኛው ገንዘቡን ከኤጀንቱ አይጠይቅም። ከዲዛይነሩ ነው የሚጠይቀው። የወረቀቱም የቀለሙም ዕዳ የእሱ ነው። ዕዳውን የሚከፍል ሰው ደንቡን የማንበብ መብት አለው።

ስለዚህ ከሶፍትዌር አምራቾች የሚጠበቀው ግልጽ ነው። መመሪያው ለሰውም ለማሽንም አንድ ይሁን። ቀን ይኑረው፣ የተለወጠው ነገር ይታይ። የማይመለስ ትእዛዝ በስሙ ተጠርቶ «ሰው ሳይፈቅድ አይደረግም» ተብሎ ይጻፍ። ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደሎችም የራሳቸው ምሳሌ ይኑራቸው።

የእኛ ዲዛይነሮችና ፕሮግራመሮችም ቁጭ ብለው መጠበቅ የለባቸውም። ኤጀንት የሚያነበው መመሪያ በተራ ቋንቋ የሚጻፍ ስለሆነ ኮድ የማይችል ዲዛይነርም ሊጽፈው ይችላል። የትኛው ፎንት ግዕዝ እንዳለው፣ አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት እንጂ ሁለት ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን እንዳልሆነ፣ ርእስ በምን እንደሚጎላ የሚናገር አንድ ገጽ ጽፎ በነፃ መልቀቅ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ያ ገጽ እስኪጻፍ ድረስ የአማርኛ ዲዛይን የሚሠራው አማርኛን ባላሰበ ሰው መመሪያ ነው።