ወሎ ማለት ምን ማለት ነው?

«አገርህ የት ነው?» ቢሉን እኛ የወልድያና የመርሳ ሰዎች «ወሎ» እንላለን። ታዲያ የወሎ ትርጉም ከጥንት ጀምሮ አንድ ነበርን? አልነበረም።

ከ500 ዓመት በፊት ይህ አካባቢ አንጎት ይባል ነበር። በ1510ዎቹ አልቫሬዝ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ በአንጎት አልፎ ያየውን ጽፏል። ከዚያ የግራኝ አሕመድ ጦርነት መጣ። ኦሮሞዎችም መጥተው ሰፈሩ። ወሎ ከነሱ የአንዱ ጎሣ ስም ነበር። የሰው ስም የነበረው የመሬት ስም ሆነ ማለት ነው። ወረ ባቦ፣ ወረ ኢሉ ስንልም «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ ማለት ነው።

የኛ ቀዬ ደግሞ የጁ ይባል ነበር። የየጁ መሳፍንት ዳግማዊ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ድል እስኪሆኑ ድረስ በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ገዝተዋል። የጁን ወሎ ያሰኘው የመንግሥት አከላለል ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወሎ ጠቅላይ ግዛት የጁም፣ ላስታም፣ ዋግም ተጠቃለሉ። ዛሬ ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ከተማ ናት።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሀብ ገባ። የንጉሡ መንግሥት ደበቀው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ባሰ። የኮረም ረሀብተኛ ምስል ዓለምን ዞረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «ወሎ» ሲባል ማሽላውና ጤፉ ሳይሆን ረሀቡ ይታየው ጀመር።

አንዳንዱ «ታዲያ ወደ ጥንቱ ስም እንመለስ» ይላል። ወደ የትኛው? ወደ አንጎት ነው ወይስ ወደ የጁ? ሁሉም የኛው ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም ወሎዬ ነው። ስም እንደ ጎተራ ነው፤ የከተቱበትን ይይዛል። ጎተራው ምን አጠፋ?

ጥፋቱ ሌላ ነው። ስለ አገራችን የጻፈው መንገደኛው፣ የግብር ጸሐፊውና ጋዜጠኛው ነበር። እኛ ስላልጻፍን ሌላው ጻፈልን። አሁን ግን ፊደል ቆጥረናል።

እንግዲህ ወገኖች፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር እናድርግ። አባትና እናትን፣ አያትን እንጠይቅ። ያ ጋራ፣ ያ ምንጭ፣ ያ መልካ ስሙ ማን ነው? ለምን እንዲያ ተባለ? የነገሩንን በደብተራችን እንጻፍ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሚውለው ግን የሚያስታውሰው ሲኖር ነው።