የገዛነውን መሣሪያ ፈትቶ የሚያውቀው ማን ነው?



እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1942 ሌሊት 120 ያህል የእንግሊዝ ፓራሹት ወታደሮች በጀርመን በተያዘችው ፈረንሳይ፣ ብሩኔቫል በተባለች የባሕር ዳር መንደር አጠገብ ወረዱ። ዓላማቸው ዉርዝቡርግ የተባለውን የጀርመን ራዳር ነቅሎ ማምጣት ነበር። አብሯቸው የዘለለው የራዳር ቴክኒሻን ቻርልስ ኮክስ ከጦርነቱ በፊት በሲኒማ ቤት ፊልም የሚያሳይ ሠራተኛ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ በተኩስ መካከል የመሣሪያውን ክፍሎች ፈተው፣ ጊዜ ሲያጥራቸውም በጉልበት ነቅለው፣ በጀልባ አሻገሩ።

የእንግሊዝ ሊቃውንት ክፍሎቹን ሲመረምሩ ሁለት ነገር ተረዱ። አንደኛ፣ ራዳሩ ከተለያዩ ሳጥኖች የተገጣጠመ በመሆኑ የተበላሸውን አውጥቶ መተካት ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ ከሚያደናግር ምልክት የሚከላከልበት ዘዴ አልተበጀለትም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1943 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በሐምቡርግ ሰማይ ላይ ብረት ለበስ ቁርጥራጭ ወረቀት ሲበትኑ፣ የጀርመን ራዳሮች አውሮፕላኑን ከወረቀቱ መለየት ተሳናቸው። በዚያ ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። እንዲህ ያለ እውቀት የሕግ ልጓም ያስፈልገዋል የምንለው ለዚህ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረን ወታደራዊ ትብብር ሲቋረጥ፣ ሠራዊታችን በጦርነት መካከል ወደ ሶቪየት መሣሪያ ለመሸጋገር ተገደደ። ሻጭ ሲኮርፍ መለዋወጫውም አብሮት ይኮርፋል። በሰው ወርቅ አይደምቁም የተባለው በከንቱ አይደለም።

ድርጅታችን የተፈረመ ውል ይከበር ይላል። እንግዲህ ክርክሩ መካሄድ ያለበት ከፊርማው በፊት ነው። ከተመረጥን፦

፩. የወታደራዊ ኤሌክትሮኒክስ ግዢ ውል የመፈተሽ፣ የመጠገንና የመሠልጠን መብትን እንዲጨምር እናደርጋለን፤

፪. ውሉን አገራዊ ምስጢሩ ሳይባክን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ እንዲመረምረው እናደርጋለን፤

፫. አሮጌ መሣሪያ እየፈቱ የሚማሩበት ወርክሾፕ በቴክኒክ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች እንከፍታለን።

በየከተማው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ፈትተው የሚጠግኑ፣ ካቻቢቴ ከእጃቸው የማይለይ ልጆች አሉን። ኮክስንም ለዚያ ሌሊት ያበቃው ይኸው ሙያ ነበር፤ አገሩ ሙያውን አይታ ቦታ ሰጠችው።

የመሣሪያውን ዋጋ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ሳጥኑን ከፍቶ ውስጡን የሚያውቅ የአገር ልጅ እንዲኖርዎ ድምፅዎን ይስጡ።