ውጫዊ የሴት ብልት ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል

ደሴ፤ የሴት ብልት ውጫዊ ክፍል ካንሰር የማህጸን በር ካንሰርን ያህል ባይስፋፋም፣ በሃፍረት ተደብቆ መቆየቱ ጉዳቱን ያከፋዋል። የማያቋርጥ ማሳከክ፣ እብጠትና የማይሽር ቁስል ምልክቶቹ ናቸው።

በናሙና ምርመራ በወቅቱ ከተረጋገጠ በቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል። ከተዛመተ ግን የጨረርና የኬሞቴራፒ ሕክምና ያስፈልገዋል። የጨረር ሕክምና ለዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር የደሴና የኮምቦልቻ ታካሚዎች ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ ይጠብቃቸው ነበር።

በ2011 ዓ.ም የተጀመረው የልጃገረዶች የኤች ፒ ቪ ክትባት በቫይረሱ ሳቢያ የሚመጣውን ዓይነት ለመከላከል ያግዛል። ይሁንና በዕድሜ በገፉ እናቶች ላይ በሽታው ከሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ጋር ተያይዞ ስለሚከሰት ክትባቱ ብቻውን በቂ አይሆንም።

በመሆኑም ለማህጸን በር ምርመራ የሚቀርቡ ሴቶች ውጫዊ አካላቸውም አብሮ እንዲታይ ማድረግ ከጤና ተቋማት ኃላፊዎች ይጠበቃል።