«ፋራ» የምትባለው ቃል

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ እርስ በርስ ሲጫወቱ ንግግራቸውን አድምጣችሁ ታውቃላችሁ? «ጀለስ»፣ «አሪፍ»፣ «ሙድ ያዘብኝ» የሚሉት ቃላት ከአዲስ አበባ ወጣቶች አልፈው ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ እስካለችው ጌዶ ድረስ ዘልቀዋል። ቀድሞ እንዲህ ያለውን አነጋገር ይዞ የሚመጣው ለእረፍት ከከተማ የሚመለስ ተማሪ ነበር። ዛሬ ግን ዲሹ ቤታችን ድረስ ያመጣዋል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ማሰማት ሲጀምር፣ አፋቸውን በኦሮምኛ ለፈቱ ልጆችም የከተማን አማርኛ የሚሰሙበት ሌላ በር ተከፈተ።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በአሜሪካ «ኩል» የሚለው ቃል በጥቁር የጃዝ ሙዚቀኞች ዘንድ ይነገር ነበር፤ ሙዚቃና ፊልም ለወጣቱ ሁሉ አደረሱት። እ.ኤ.አ. በ1981 ኤም ቲ ቪ ሲከፈት ደግሞ የዘፋኞች አነጋገርና አለባበስ በየሳሎኑ ገባ።

አዲስ ቃል መናገር በራሱ ኃጢአት አይደለም። «አሪፍ ነው» ያለውን ልጅ ብንቆጣው ከእኛ መሸሽን እናስተምረዋለን። ልናስተውለው የሚገባን ቃሉ ሰውን ምን ያደርገዋል የሚለውን ነው። «አራዳ» የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ሆኖ ሳለ ብልህና ዘመናዊ ሰው ማለትም ሆኗል። ተቃራኒው «ፋራ» ነው። ፋራ የሚባለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣ፣ አነጋገሩ እንደ ከተሜ ያልሆነ ሰው ነው። እንግዲህ ልጃችን በክረምት ጌዶ ሄዶ እኛን ያሳደገችንን እናት «ፋራ» ብሎ ቢስቅባት፣ እርስዋም በአማርኛዋ አፍራ ዝም ብትል፣ ይህ ቀልድ ነውን?

ጌታችን በማቴዎስ 5፥22 ወንድሙን «ራቃ» የሚለውን ሰው አስጠንቅቋል። ራቃ በዘመኑ ሰዎች አፍ ላይ የነበረ የአረማይክ ስድብ ነው፤ ባዶ ጭንቅላት እንደ ማለት ነው። ጌታ ግን «የተለመደ አነጋገር ነው» ብሎ አላለፈውም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ አስቀድመን ራሳችንን እንመርምር። ባል በእንግዳ ፊት ሚስቱን «ተዋት እቺን ፋራ» ብሎ ሲቀልድ፣ ልጁ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ከአባቱ ይማራል።

ስለዚህ ድራማውን ከልጆቻችሁ ጋር ተመልከቱ። ያልገባችሁን ቃል ጠይቋቸው፤ በደስታ ያስረዷችኋል። ሰውን የሚያሳንሰውን ቃል ግን ምክንያቱን ነግራችሁ በፍቅር ከቤታችሁ አስወጡት። አያታቸውንም በራስዋ ቋንቋ «አኮ» ብለው በአክብሮት እንዲጠሩ አስተምሯቸው።

ጌታ አንደበታችንንና ቤታችንን ይባርክ።